ለእሷ ብሎ የተወው ሲጋራ

ጃታኒ ሲጋራ ያቆመ ሰሞን በነገሌ ቦረና ነገሩ ያንገበገበው ሰው ቢኖር የገዛ ሚስቱ ቡርቱካን ነበረች።

ይህን ስትሰሙ ክፉ ሴት ትመስላችሁ ይሆናል። አይደለችም። ጃታኒ የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ሹፌር ነው፤ ክትባትና መድኃኒት ጭኖ ከዱብሉቅ እስከ ዶሎ ሲመላለስ ሲጋራ ከአፉ አይለይም። ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲያቃስት አጠገቡ ተኝታ የምታዳምጠው እሷ ናት። «ተው በፈጠረህ፣ ልጆቼን ያለ አባት አታስቀርብኝ» ብላ ያልለመነችበት ጊዜ የለም። ተቆጥታለች፣ አልቅሳለች፣ አንዴም ፓኮውን እንዳለ ሽንት ቤት ከታበታለች። እሱ ሳቅ ብሎ ከዓብዱልመጂድ ሱቅ ሌላ ይገዛል።

በኋላ ሲስተር ሸዋርካብሽ ተመድባ መጣች። ዘመኑ የደርግ ነው። የጤና ትምህርት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ይሰጣል፤ ሊቀመንበሩ ኃይለመስቀል «ጓዶች! ትምባሆ የሰፊው ሕዝብ ጠላት ነው!» ብሎ ሲፎክር በጣቶቹ መሀል ሲጋራው ይጨሳል፤ ሕዝቡም እያጨሰ ያጨበጭባል። ሲስተር ግን ቀልድ አታውቅም። «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» ብላ በገዛ እጇ ጽፋ የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ለጠፈች። በረንዳው ጥላ አለውና ሰው ሁሉ እዚያው ጽሑፉ ሥር ቆሞ አጨሰ። የሰማት ጃታኒ ብቻ ነው። ደረቱን በማዳመጫ አዳምጣ «አቶ ጃታኒ፣ በዚህ ከቀጠሉ ሳንባዎ አይከርምም። ዛሬውኑ ያቁሙ» አለችው። አቆመ።

ቡርቱካን መጀመሪያ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ነገሩ ገባት። እሷ ስንት ዓመት አልቅሳ ያላስጣለችውን ያቺ ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ሴት በአንድ ቃል አስጣለችው! ለምን? ምኗን አይቶ? እሱ ደግሞ አያርፍም፤ «ሲስተር ውሃ ጠጣ ብላኛለች፣ ሲስተር በጊዜ ተኛ ብላኛለች» እያለ ምሳውንም እራቱንም በሲስተር ይበላል። የባሏ ሳል ሲቆም እንቅልፍ ያጣች ሚስት ከቡርቱካን በፊት የነበረች አይመስለኝም። ጎረቤቷ ቀድሪያ በበኩሏ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት ይሄ ነው እቴ» ብላ እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረችበት። ቅናት አንጀቷን አሳረራት።

በዚህ መሀል አባቷ ዳዳቻ ከዱብሉቅ ሊጠይቋቸው መጡ። በቦረና ልጅ ለማግባት የሚመጣ ሰው ትምባሆ ይዞ ነው የሚለምነው፤ ትምባሆውን የተቀበለ ልመናውን ተቀበለ፣ የመለሰም ሰውዬውን መለሰ። ዳዳቻም በዚያ ጊዜ የጃታኒን ትምባሆ ተቀብለው ነው ልጃቸውን የሰጡት። አሁን «አካም፣ ናጋ?» ተባብለው ከተቀመጡ በኋላ ሽማግሌው ከኮሮጇቸው የትምባሆ ቅጠል አውጥተው ለአማቻቸው ዘረጉ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ጃታኒ አንገቱን ደፍቶ፤ «ሲስተር ከልክላኛለች።»

ሽማግሌው ቅጠሉን መልሰው ጠቀለሉና ከብቶቹን አያለሁ ብለው ወጡ።

ቡርቱካን ግን ባሏ ላይ ጮኸችበት። «እኔን የወሰድከኝ በትምባሆ ነው! የአባቴን ትምባሆ መለስክ ማለት እኔን መለስክ ማለት ነው። ያቺ ሴት ምንህ ናት?»

«ሐኪሜ ናታ! ምን ነካሽ? ሚስቴ አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያው ከሚስትህ ተቀበል!»

ተነሥታ ዓብዱልመጂድ ሱቅ ሄደች። ዓብዱልመጂድ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ብሎ ሳቀባት። ፓኮውን ይዛ ተመልሳ አንድ ፍሬ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ጃታኒ ዓይን ዓይኗን አየ። ደረቱን ያውቀዋል፤ እሷም ታውቀዋለች። ተቀበለ። ክብሪቱን ራሷ ጫረችለት፤ የመጀመሪያው ጢስ ከአፍንጫው ሲወጣ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ያን ምሽት ሲስተር የሚባል ስም ቤታቸው ውስጥ አልተነሣም።

ሳሉ ግን ተመለሰ፤ ያውም ብሶበት። አንድ ጠዋት መሐረቡ ላይ ደም አየች። ክንዱን ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ሲስተር ሸዋርካብሽ ረጅም ጊዜ አዳመጠችው። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። «ጀምረዋል አይደል? ትተውት ነበር እኮ፤ ማን ሰጠዎት?»

«ሚስቴ» አለ ጃታኒ። ምንም አላፈረም፤ እንዲያውም ስጦታውን እንደሚያሳይ ሰው ደረቱን ነፋ አደረገ።

ሲስተር ወደ ቡርቱካን ዞረች። ቡርቱካን በሲስተር ዓይን ውስጥ ጣውንቷን ፈለገች፤ ቁጣም፣ ቅናትም፣ እፍረትም ቢሆን ፈለገች። ምንም የለም። የደከማት ሐኪም ብቻ ነበረች። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸውና የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ገበያው መሀል ጃታኒ ለመተንፈስ ቆመ። ቡርቱካን እጁን ያዘች። «ተወው ጃታኒ፣ አፈር ስሆን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተወው።»

ጃታኒ የያዘችውን እጅ ጨበጥ አደረገና ፈገግ አለ። እንደዚያ በፍቅር ካያት ብዙ ጊዜው ነው።

«ለሲስተር ብዬ ብተወው አስለቀሰሽ። ላንቺ ብዬ ጀመርኩት» አላት። «አሁን ለማን ብዬ ልተወው?»