የኦርሰን ፍሬን

«ይህን አበባ ከቤቴ አውጡልኝ!» አለች ሁልዳ።

የሐዘን ምልክት በሆነው የተሰበረ ጎማ ቅርጽ የተጎነጎነውን ነጭ ጽጌረዳ የላከው ሟች ባሏ ይሠራበት የነበረው የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ሚስተር ብራኬት ነው።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አላት የባሏ ወንድም ክላይድ። እሱም የሚሠራው እዚያው ፋብሪካ ነው።

«ይስማ! ወንድምህን ገድሎ አበባ ይልካል?»

ሳሎን ውስጥ፣ በሬሳ ሣጥኑ ዙሪያ፣ ለቀስተኞች ቡናቸውን ይዘው ይንሾካሾካሉ። ጋዜጣው ባሏ ኦርሰን አዲሱን መኪና ሲሞክር የወፍጮው ቁልቁለት ላይ የተገለበጠው በፍጥነት ስለነዳ ነው ብሎ ጽፏል። ለጋዜጠኞቹ እንዲያ ብሎ የነገራቸው ብራኬት ነው። ሰዉም ቶሎ አመነ፤ ሟች መልስ አይሰጥማ!

ኦርሰንና ፍጥነት! አዲስ ፍሬን በሠራ ቁጥር ሁልዳን ከጎኑ አስቀምጦ አንድ ቅርጫት እንቁላል ያስታቅፋት ነበር። ቁልቁለቱን ወርደው ሲቆሙ አንዷ እንቁላል ከተሰነጠቀች ጓሮ ወዳለው መሥሪያው ወደሆነው ጋጣ ተመልሶ ፍሬኑን እንደገና ይፈታታዋል።

«ዛሬም እራታችን እንቁላል ጥብስ ነው በለኛ!» እያለች ትስቅበት ነበር።

አራቱንም ጎማ የሚይዘውን ፍሬን የፈጠረው እንዲህ ሲለፋ ነው። «ኢንዲያና ውስጥ እንደኔ መኪና የለም» እያለ በየግድግዳው የሚያስለጥፈው ብራኬት ግን ይወደድብኛል ብሎ አላስገጠመውም።

ከቀትር በኋላ ብራኬት ራሱ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ገባ።

«ወይዘሮ ሁልዳ፣ ኦርሰን ጎበዝ ሰው ነበር። ብቻ ያ ፍጥነት...»

«ዝም በል!» አንቱታውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። «እዚሁ፣ ኦርሰን ፊት ቆመህ እውነቱን ተናገር። የትኛውን ፍሬን ነው ያስገጠምክለት?»

«ሐዘኑ ነው የሚያናግርዎት» አለ ብራኬት ወደ ለቀስተኞቹ እየዞረ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁለት። የሁልዳ ደም ፈላ።

«አሮጌውን ነው» አለ ክላይድ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ኦርሰን በዚህ ፍሬን ቁልቁለት አልወርድም አለ። እርስዎ ደግሞ ‹ካልነዳኸው አንተንም ወንድምህንም አባርራለሁ› አሉት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ ሥራ ብሎ ነው የነዳው።»

«ከእንግዲህ ፋብሪካዬ ደጃፍ እንዳላይህ!» ብሎ ብራኬት ወጣ።

ክላይድ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ሁልዳ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ እስከዛሬ ዝም ማለቱ አንገበገባት። ግን ከሣጥኑ አጠገብ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።