ሥራዋን የሚያውቅ ሰው

የሥራ ማስታወቂያው «ሥራዎን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ከነስልካቸው ይጥቀሱ» ይላል። ሥራዎን። ዘመድዎን አይልም፤ ሹምዎንም አይልም። ይህ አገር ግን ምስክር አምጣ ሲባል የሚያውቀውን ትቶ የሚፈራውን ይጠራል።

«አንደኛ መምሬ ወልደ ገብርኤል» አለ አጎታችን አስናቀው፣ እህቴን ሰገነትን አጠገቡ አስቀምጦ። «ሁለተኛ የወረዳው ሹም፤ በእናቱ ይዛመደናል።»

«ጋሼ፣ ሁለቱም ስትሠራ አይተዋት አያውቁም» አልኩ።

«የንስሐ አባቷ ናቸው! ነፍሷን የሚያውቅ ሥራዋን አያውቅም? አንተ ደግሞ አስተማሪ ከሆንክ ወዲህ የማትጨቃጨቅበት ቀን የለም።»

ሰገነት ኩዌት ውስጥ አልጋ የያዙ አሮጊት ስታስታምም ኖራለች። ደጎሎ ከተማ የተከፈተው የአረጋውያን መርጃ ድርጅትም የሚፈልገው አስታማሚ ነው። ይህ ካልተሳካ መልሶ ኩዌት ሊወስዳት ደላላው በየቀኑ ይደውላል።

«የአሮጊቷን ልጅ፣ ማዳምሽን ጻፊ» አልኳት።

«ለግርድናዬ ምስክር ላቁም?» አለች። አጎታችን ያላቸውን ሁለቱን ስሞች ጻፈች።

«አብሽሪ፣ እኔ አለሁ» አላት አስናቀው።

በሳምንቱ የድርጅቱ ሠራተኛ ሊድያ ደወለች። ሹሙ «የጨዋ ልጅ ናት» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ቄሱ ግን አስደንግጠዋታል። እስከ ማታ ሥራዋን ያየ ሰው ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

መምሬን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘናቸው።

«አባቴ፣ ምን አሏት?»

«ስለ ሰገነት የሚያውቁትን ይንገሩኝ አለችኝ። የንስሐ ልጄ ናት፤ የማውቀውን ብሞት አልናገርም አልኳት።»

«ብሞት?»

«"ከባድ ነገር ነው እንዴ?" አለችኝ ደግሞ። ከበደም ቀለለም በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው ብዬ ዘጋሁባት!» ኮርተዋል።

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ከሁላችንም ሥራቸውን በትክክል የሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰገነት እየሳቀች የቅጥሩ ግንብ ሥር ተቀመጠች። ሳቋ ሲያልቅ ስልኳን አውጥታ ኩዌት ለማዳሟ ደወለች።

ዐረብኛውን አልሰማም፤ ፊቷን ግን አያለሁ። መጀመሪያ ለመነች። ቀጥሎ አዳመጠች። ከዚያ ነገሩ ሌላ ሆነ፤ እየጠየቀች፣ በነፃ እጇ ትራስ የምታስገባ፣ ሰው ወደ ጎን የምታዞር መሰለች። ያቺን እጅ ሊድያ ብታያት ሌላ ማንንም ባልጠየቀች።

«እሺ አለችሽ?» አልኳት ስትዘጋ።

«ለእነሱ ጥሩ ሠራተኛ ናት ብዬ ከመሰከርኩልሽ፣ ለእኔ መቼ ትመለሺልኛለሽ አለች።»

«ጨካኝ!»

«አሮጊቷ ጀርባዋ ቆስሏል። በእኔ ቦታ የገባችው ሠራተኛ አታገላብጣትም።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ፓስፖርቴን እማዬ የት ነው ያስቀመጠችው?»