ማሰሪያውን ማን አላላው?

ቀስበሉ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት የአውቶቡስ ሾፌር በነበረ ጊዜ ነው። ተሳፋሪ በወረደ ቁጥር «ቀስ በሉ!» ማለት ልማዱ ነበርና። ጡረታ ሲወጣ ስሙ አልለቀቀውም፤ እሱም መሪ አልለቀቀም። ግቢው ውስጥ የቆመችውን አሮጌ መኪና ከሚስቱ ቀጥሎ እንደሚወዳት ይናገራል። ሚስቱ ግን «ቀጥሎ» የምትለዋን ቃል ትጠራጠራለች።

ይህች መኪና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውሃ አልጠግብ አለች። ራዲያተሯን ሞልቶ ይገባል፤ ጠዋት ሲነሳ ከሞተሯ ስር መሬቱ ርሶ ያገኘዋል።

«አርጅታለች፤ ተዋት» ትላለች ሚስቱ፣ ከሚታጠበው ልብስ ላይ ቀና ሳትል።

«እኔስ አላረጀሁም? ልትተዪኝ ነው?»

ልብሱን ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለች። ነገሯ ባይጥመውም ጥርጣሬው ያረፈው ሌላ ሰው ላይ ነበር። አማቹ፣ አናጢው፣ ልጁን አግብቶ ከግቢው ጀርባ ባለችው ቤት ይኖራል። ጨዋ ነው፤ ቃል አያበዛም። ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ «አባባ፣ መኪናዋን ብናሳርፋትስ?» ብሎ ነበር። ያቺ ቃል በሽማግሌው ጆሮ ውስጥ እንደ ትንኝ ስትጮህ ከረመች። ብናሳርፋት? ቀጥሎ ደግሞ እኔን አሳርፎ መኪናዋን ሊወርስ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ የአማቹን ውጣ ግባ ይከታተል ጀመር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ የራዲያተር ቱቦዎች ከነማሰሪያቸው ገዝቶ መጣ። መካኒክ አልጠራም፤ መካኒክም ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ አይታመንም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ኮፈኑን ከፈተና የሚስቱን ሳፋ ከራዲያተሩ ስር አስገባ።

«ልብስ የማጥብበትን!» ጮኸች።

«ይታጠባል!»

ማፍሰሻውን ሲከፍት ውሃው ዝገት መስሎ ወረደ። የላይኛው ቱቦ ከአፉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ሲለው በቢላ ሰንጥቆ እንደ ሙዝ ላጠው። የታችኛው ግን ገና ሳይነካው ዋልሎ ወጣ። ቱቦውን አጣጥፎ ዳሰሰው፤ ስንጥቅ የለውም። ማሰሪያውን አነሳና የብሎኑን ራስ በአውራ ጣቱ አሸው። ብረቱ ተፍቋል፤ ጣቱን የሚቧጭር አዲስ ፍቀት።

ሰው ነው ያላላው።

ይሄኔ አማቹ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ። «አባባ፣ የራዲያተሩን አፍ በዚህ ቢፍቁት ዝገቱ ይለቃል።»

«ማን ነገረህ ዝገት እንዳለው?»

«ከዚህ ይታያል እኮ።»

አይታይም! አለ ሽማግሌው በሆዱ፤ ለእሱ አይታየውም ነበርና። አዲሱን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ካቻቪቴው ደጋግሞ ከብሎኑ ላይ እየሸሸ ጣቱን ወጋው።

«ልያዝልዎት?»

«ለማላላቱ ነው ለማጥበቁ?»

አናጢው ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። የብርጭቆ ወረቀቱን መኪናዋ ላይ አኑሮ ሄደ። ሌባ ዝም ይላል፣ አለ ቀስበሉ። ውሃ ሞላ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ አየሩ እስኪወጣ ቱቦውን እየጨመቀ ጠበቀ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

በማግስቱ ምሳ ላይ ወጥመዱን ዘረጋ። «ነገ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ራሴ ነድቼ!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው። ከዚያ ሸለብ ሊያደርገው እንደሆነ ሁሉ መኝታ ቤት ገብቶ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ተቀመጠ።

ብዙም አልቆየም። ቡናማ ካፖርት የደረበ ሰው ወደ መኪናዋ ተጠጋ፤ ኮፈኑን በቀስታ ከፍቶ ጎንበስ አለ። የአናጢው ካፖርት! ጫማውን ሳያደርግ ሮጦ ወጣና ከኋላ አንገትጌውን ጨመደደው።

«ያዝኩህ! የእባብ ልጅ!»

ካቻቪቴው መሬት ወደቀ። ዞር ያለችው ሚስቱ ነበረች።

ጩኸቱን ሰምተው ልጁና አማቹም ደረሱ።

«አንቺ?» አለ አንገትጌዋን ለቆ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ካፖርቱን እላይዋ ላይ እየሰበሰበች። «ብርድ ቢሰማኝ ገመድ ላይ ያገኘሁትን ደረብኩ። አንተ ሰውዬ፣ ከዚህች መስኮት ሆነህ ሚስትህን ከአማችህ ካልለየህ፣ መንገድ ላይ ሰውን ከጥላ እንዴት ትለያለህ?»

«በደንብ አያለሁ!»

«ገበያው መታጠፊያ ላይ ጮኼ ያስቆምኩህ ቀን ልጅ ያዘለች ሴት ከፊትህ ነበረች። አንተ ‹ምን ያስጮህሻል?› ነው ያልከኝ። አላየሃትም። ‹አይንህ ደከመ› ብልህ ትቆጣለህ፤ ውሃው ቢያልቅ ግን የምትቆጣው በመኪናዋ ነው ብዬ።»

ሽማግሌው ወደ አማቹ ዞረ። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«ሲፈስ አይቼ ላጠብቀው ጎንበስ ስል እማማ ደረሱብኝ። አትንገር ብለው አስማሉኝ።»

«ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔን ሲጠረጥሩ እሳቸውን አይጠረጥሩም ብዬ ነዋ።»

«ለመሆኑ መንዳት ትችላለህ?»

«ኧረ አባባ! የጎማ ጋሪ እንኳ እገለብጣለሁ።»

ቀስበሉ መኪናዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መንዳት የማያውቅ ሰው መኪና ሊወርስ አሴረ ብሎ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቀው መክረሙ ሲገባው ጆሮው ድረስ ጋለ።

ይቅርታ አልጠየቀም፤ አልለመደበትም። ሚስቱንም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሳለ በልጁ በኩል «ጨው አቀብዪኝ በያት» እያለ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልብሱን ለባብሶ «ነይ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አላት። በታክሲ ሄዱ። የቀኝ አይኑ ሞራ ሊገፈፍ እንደሚችል ሐኪሟ ነገረችው። የግራው ግን ውስጡ ስለተጎዳ አይመለስም። መንዳት እንዲያቆምም ረጋ ብላ ነገረችው። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ የሚስቱን እጅ ይዞ በመስኮት ያይ ነበር።

ማታውን ቁልፉን ለአማቹ ወረወረለት። በነጋው አናጢው መሪ ሲይዝ፣ ሽማግሌው ጎኑ ሲቀመጥ፣ ሚስትና ልጅ ደጃፍ ላይ ወጥተው ያዩ ጀመር።

መኪናዋ አንዴ ዘለለችና ጠፋች።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው! ሚስማር ነው እንዴ የምትመታው?»

«ሚስማር ይሻላል አባባ፣ አይዘልም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አናጢው ላቡን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና አስነሳት፤ አሁን እየተንገጫገጨችም ቢሆን እስከ ውጭው በር ደረሰች።