ከወንበሩ ያልወረደው በሽተኛ

ኡርባን ኮሞ አፉን ከፍቶ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋሎ ነበር። ዕድሜው ስልሳ ስድስት ነው። አብዛኛውን ዘመኑን እንዲህ ካለ ወንበር አጠገብ ቆሞ የሰው አፍ ሲያይ ኖሯል፤ ተኝተው ሲያዩት መብራቱ ዓይን እንዴት እንደሚወጋ ግን ረስቶት ነበር።

"የቱ ነው የሚያምዎት?" አለ ላክላን ቢተን።

ላክላን የዚህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ብቸኛ የጥርስ ሐኪም ነው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛ ሰው ነው። ረዳቱ ባለፈው ወር ሥራ ለቃ ስለሄደች በክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

"ከታች፣ በግራ በኩል፣ የመጨረሻው መንጋጋ" አለ ኡርባን። "ግን ዶክተር፣ የመጣሁት ለጥርሴ አይደለም።"

የጥርስ መስታወቷን የያዘው የላክላን እጅ አየር ላይ ቆመ።

"እኔም የጥርስ ሐኪም ነበርኩ" አለ ኡርባን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከመረዳጃው ነው የመጣሁት።"

ላክላን የትኛው መረዳጃ ብሎ አልጠየቀም። በዚያ ክፍለ ሀገር ያለ የጥርስ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። መጠጥ ወይም መድኃኒት ያሸነፈው፣ ወይም በሽታ እጁን የያዘበት ሐኪም ራሱ ደውሎ ከገባ ስሙ አይወጣም። ይታከማል፣ ለዓመታት ክትትል ይደረግበታል፣ ሲድንም ወደ ሥራው ይመለሳል። ክስ ቀድሞ ፈቃድ ሰጪዎቹ ዘንድ ከደረሰ ግን ነገሩ አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ መረዳጃው ጥቆማ ሲደርሰው ከሱስ የተፈወሱ ሁለት ሰዎችን ይልካል። እነሱም እንደ ማንኛውም በሽተኛ ቀጠሮ ይዘው፣ ተራ ጠብቀው ይገባሉ። ፀሐፊዋም፣ ጎረቤትም፣ ማንም አያውቅም። ዛሬ ከኡርባን ጋር የመጣችው ጆሴት የምትባል ጥርስ አጣቢ ናት፤ የተወችው መጠጥ ነው። ለፀሐፊዋ "ልጁ ነኝ" ብላ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጣለች።

ላክላን ሄዶ በሩን ዘጋው።

"ማን ነው የነገራችሁ? ኢሽቤል ናት?"

"ኢሽቤል ማን ናት?"

"እህቴ። እዚያ ውጭ ያለችው ፀሐፊ።"

"ማን እንደደወለ አልተነገረኝም። ቢነገረኝም አልነግርህም።"

"እንግዲያው የነገራችሁ ሰው ዋሽቷል።" ላክላን ጓንቶቹን አውልቆ ሁለት እጆቹን ከመብራቱ ሥር ዘረጋ። "ይኸው! ይዩዋቸው። ይንቀጠቀጣሉ?"

አይንቀጠቀጡም። ጣቶቹ እንደ ተተከለ ችንካር ቀጥ ብለዋል።

"ያስፈራኝ ይሄ ነው" አለ ኡርባን። "የእኔም እጅ ሥራ ላይ አንድም ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የሚንቀጠቀጠው መድኃኒት በማላገኝበት እሑድ እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር መጽሐፍ መያዝ ሲያቅተኝ ሚስቴ ትይዝልኝ ነበር። አንተም ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛህ ትመስላለህ፣ ዓይንህ ውስጥ ያለችው ጥቁር ነጥብ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች፣ እጅህ ግን ድንጋይ ነው። ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ወሰድክ?"

ላክላን ወደ ጎን ዞሮ አዲስ ጓንት ማጥለቅ ጀመረ።

"ጥርስዎን ሌላ ቀን አየዋለሁ። አሁን ይውረዱልኝ፤ ቀጥላ የምትገባ ሕፃን አለችኝ።"

ኡርባን ልጅቷን ሲገባ አይቷታል። ማይራ ይሏታል። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ቦቲዋን አውልቃ፣ ምላሷን ጉንጯ ውስጥ እያሽከረከረች ከእናቷ ጋር ትሟገት ነበር። ሁለት የበሰበሱ መንጋጋዎች ይነቀሉላታል። በመርፌ ነው የምትተኛው። መርፌውም ከወንበሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ግማሽ ተሸፍኖ፣ ከትንሿ የመድኃኒት ብልቃጥ ጎን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ኡርባን ያንን ብልቃጥ ካየ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። ወጥቶ ለእናቲቱ "ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ" ማለት ይችላል። እንዲያ ካደረገ ግን ምሥጢር ብሎ የገባበት ነገር ሁሉ ይፈርሳል፤ ወሬው በአንድ ቀን ክፍለ ሀገሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የታመመ ሐኪም ነው ወደ መረዳጃው የሚደውለው? ዝም ካለ ደግሞ ልጅቷ እዚህ ወንበር ላይ ትተኛለች።

ወንበሩ ይሄ ብቻ ነው። ሌላኛው ክፍል ውስጥ ያለው እንደተሰበረ በሩ ላይ ተለጥፏል።

"አልወርድም" አለ ኡርባን።

"ምን አሉ?"

"ከዚህ ወንበር አልወርድም።" እጆቹን ደረቱ ላይ በተሰጣው የወረቀት መሐረብ ላይ አጣመረ።

ላክላን በሩን በርግዶ "ኢሽቤል!" ብሎ ተጣራ።

ኢሽቤል መጣች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ሴት ናት።

"ምንድን ነው? አባባ፣ አልጨረሱም እንዴ? የማይራ እናት እኮ ቶሎ ልሂድ እያለች ጆሮዬን በላችው።"

"እግሬ እምቢ አለኝ፣ እቴ" አለ ኡርባን።

"ጥርስዎን ነው ወይስ እግርዎን የታመሙት?"

"ዕድሜ ካለ ሁሉም ቦታ ነው።"

"ወይ ጉድ! ታዲያ ልጅዎን ልጥራልዎት? እሷ እንደሆነች እዚያ ለማይራ ወረቀት እያጣጠፈች ጀልባ ትሠራላታለች። መቼም እሷም እንደርስዎ አትቸኩልም።" ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ልጅቷን የት ልታስተኛት ነው? ጭንህ ላይ? ለፖሊስ ልደውልና ተሸክመው ያውጧቸው?"

የተናገረችው ለቀልድ ነበር። ወንድሟ ግን አልሳቀም። ኡርባን ዓይኑን ሳይነቅል ላክላንን ተመለከተው። "አዎ፣ ደውዪ" ካለ ሁሉም ያልቃል። ፖሊስ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ብልቃጡንም ያያል።

"ትንሽ ቆዪ" አለ ላክላን። "እኔ አወርዳቸዋለሁ።"

በሩ ሲዘጋ ላክላን "እርስዎ" ማለቱን ተወው።

"ምን ትፈልጋለህ፣ አንተ ሽማግሌ?"

"ይህቺን ልጅ ዛሬ እንዳትነካት።"

"ምንም አትሆንም! መድኃኒቱ ይኸው፣ ተዘጋጅቷል። ምንም ሳይሰማት ይነቀልላታል።"

"ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ላዩ ላይ የተጻፈው ነዋ! ማንበብ ረሳህ?"

"እኔ ስሰርቅ የጎደለውን በውሃ እሞላው ነበር" አለ ኡርባን። "አንዲት ሴት ጥርሷ ግማሽ ድረስ ከወጣ በኋላ እጄ ላይ ነቃች። ጩኸቷን መንገደኛ ሰማው። እኔ ምን አልኳት? 'ፈሪ ነሽ' አልኳት።"

"እኔ እንዳንተ አይደለሁም።"

"እሺ። እንግዲያው እኔን ውጋኝ።"

ኡርባን የግራ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰበሰበ። እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ አልመጣም፤ መረዳጃውም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላስተማረውም።

"አብደሃል?" አለ ላክላን። "ከተውክ ስንት ዓመትህ ነው?"

"አሥራ አራት።"

"ይሄ ደምህ ውስጥ ከገባ እኮ..."

"አዎ። እውነተኛው መድኃኒት ከሆነ እኔ እጠፋለሁ፤ ልጅቷ ግን አትጮህም። ውሃ ከሆነ እኔ ደህና ነኝ፤ የምትጮኸው እሷ ናት። የቱ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ። ውጋ።"

ላክላን የጎማ ማሰሪያውን አንስቶ የኡርባንን ክንድ አሰረ። ሲያስር ንዴት ነበረበት፤ ቋጠሮው ቆዳ ቆነጠጠ። የደም ሥሩ ወዲያው ተነሣ። በአልኮል የራሰው ጥጥ ሲነካው ኡርባን ቅዝቃዜው ተሰማው፤ ከቅዝቃዜው ጋር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አፉ በምራቅ ሞላ። ፍርሃት አልነበረም። ውሃ ባልሆነ፣ እውነተኛው በሆነ እያለ ነበር ሰውነቱ። ይህን ሲያውቅ ላብ አጠመቀው፤ ክንዱን ግን አልሰበሰበም።

የመርፌው ጫፍ ቆዳውን ነካ።

ከግድግዳው ወዲያ ማይራ ትስቅ ነበር። ጆሴት የሆነ ነገር ስትላት ደግማ ሳቀች።

"አላውቅም" አለ ላክላን።

"ምኑን?"

"ውሃው የቱ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ የቱ እንደሆነ።" መርፌውን ከክንዱ አራቀው። "መጀመሪያ ቀንሼ ውሃ የሞላሁት አንዱን ብልቃጥ ብቻ ነበር። እሱን ለይቼ ከኋላ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሌላ ነካሁ። ከዚያ ረዳቴ መደርደሪያውን አስተካከለችው... አሁን የቱን እንደነካሁ እኔም አላውቅም።"

"ለልጅቷ ግን ልትሰጣት ነበር።"

"ደህናው ይሆናል ብዬ ነው።" ቃሉን ራሱ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ። "ደህናው ይሆናል ብዬ..."

ላክላን መርፌውን ከእነ ፈሳሹ በወፍራሙ ቢጫ የመርፌ መጣያ ውስጥ ጣለውና ራሱ በሩን ከፈተ።

"ኢሽቤል፣ ማይራን ወደ ቤቷ ሸኚያት። ሆስፒታሉ እንዲቀበላት አደርጋለሁ። ዛሬ አልሠራም።"

"እንዴ! ለምን?"

"አሞኛል።"

"ምንህን? አሁን ደህና አልነበርክ?"

ላክላን መልስ ፍለጋ ወደ ኡርባን ዞረ። ኡርባን ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። መናገርም አለመናገርም የባለጉዳዩ ምርጫ ነው።

"ኢሽቤል፣ በቃ አሞኛል። የነገውንም ቀጠሮ ሰርዢው። ሌላውን በኋላ ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ።"

ኢሽቤል መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። "እሺ" ብላ ሄደች። ወዲያው የማይራ ድምፅ ከመጠበቂያው ክፍል አስተጋባ፤ "አልነቀልም! እማ፣ አልነቀልም!" እናቲቱ ግን "ይሄን ሁሉ መንገድ ነድቼ!" እያለች ታጉረመርም ነበር።

ላክላን ተመልሶ ከነጭ ካፖርቱ ኪስ ትንሽ ቁልፍ አወጣ።

"የመድኃኒት ሣጥኑ ነው። እኔ ዘንድ ካደረ አልታመንም። ያዘው።" ቁልፉን ኡርባን ደረት ላይ አስቀመጠው።

ኡርባን ቁልፉን አየው። ክንዱ ገና እንደታሰረ ነው። እጁን መጨበጥ ብቻ ነበር የሚቀረው።

"እኔ ጋ አታስቀምጠው" አለ።

"ለምን? አንተ እኮ..."

"ቅድም ክንዴን የሰጠሁህ ለልጅቷ ስል ብቻ መስሎሃል?" ድምፁ ሻከረ። "አንሣው። ቶሎ አንሣልኝ። ጆሴት! ነይ፣ ልጄ!"

ጆሴት ገባች። አጠር ያለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የተሰበሰበውን እጅጌ፣ የታሰረውን ክንድ፣ በላክላን እጅ ያለውን ቁልፍ አንድ በአንድ አየች። ቁልፉን ተቀብላ ኪሷ ከተተችና የጎማውን ማሰሪያ ፈታችው።

"ወግቶሃል?"

"አልወጋኝም።"

"እንዲወጋህ ፈልገህ ነበር?"

ኡርባን የታሰረበትን ቦታ አሻሸ። "አዎ።"

"እሺ። የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ፤ ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ። አመሻሹ ላይ ሱስ የተዉ ሰዎች ስብሰባ እንሄዳለን፤ የምታወራውም አንተ ነህ።" ከዚያ ወደ ላክላን ዞረች። "ዶክተር፣ ስልኩ የት ነው?"

ስልኩ መታጠቢያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ነበር። ላክላን የመረዳጃውን ቁጥር አልጠየቃቸውም፤ ያውቀዋል። እየደወለ ሳለ የስልኩን መነጋገሪያ በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እነሱ ዞረ።

"ስሜን ይጠይቁኛል?"

"የመጀመሪያውን ብቻ" አለ ኡርባን። አሁን ከወንበሩ ወርዶ በጆሴት ትከሻ ተደግፏል።

ከወዲያ ማዶ የሆነ ሰው ስልኩን አነሣ። ላክላን ጀርባውን ሰጣቸውና ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። "ላክላን እባላለሁ" አለ። የሚጠየቀውን አዳመጠ። "አዎ፣ ዛሬም ወስጃለሁ።"

ጆሴት የኡርባንን እጅጌ ወደ ታች ሳበችለት። ከዚህ በኋላ የሚባለው ለእነሱ ጆሮ አልነበረም፤ ይዛው ወጣችና በሩን ከኋላዋ በቀስታ ዘጋችው።