የምዕራፍ አሥራ አንድ አንባቢ

ሦስት ጊዜ ጉሮሮ ተጠረገ። ቀጥሎ አምባር ተንኳኳ፣ ወረቀት ተገለጠ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ለራሷ ቀስ ብላ «በስመአብ» አለች።

ጆሮዬ ላይ ሄድፎን ስለነበረ ሁሉም ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ያህል ነበር። መቅረጫ ክፍላችን መስኮት የለውም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ፎቅ አራተኛው ላይ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ አጎቴ ኻሊድ ግድግዳውን ስፖንጅ አልብሶ ስቱዲዮ ብሎታል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ እቀርጻለሁ። ባለጉዳይ የሚገባው በኮሪደሩ በር ስለሆነ ድምፁን ሰምቼ፣ መልኩን በሐሳቤ ስዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ሰውየውን የማየው። አንድም ቀን ገጥሞልኝ አያውቅም።

«ይሰማል?» አለች።

«አምባርዎ ከእርስዎ በላይ ይሰማል።»

«አንቺ በለኝ። ገና ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው።» አምባሩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። «አሁንስ?»

«አሁን አንቺ ነሽ።»

ሰምሃርን ያወቅኋት እንደዚህ ነው። የሕግ ምሩቅ ናት፣ የ2012። በዚያ ዓመት ኮሮና ስለገባ ክፍላቸው አንድ ላይ ጋዋን ሳይለብስ፣ ፎቶ ሳይነሳ ተበትኖ ቀረ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገናኙ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ። ሰምሃር አዘጋጅ ተብላ ስትመረጥ በልቶና ፎቶ ተነሥቶ መለያየቱ አልዋጥላት አለ።

በተማሩበት ትምህርት ክፍል አሁን ሁለተኛ ዓመት የሆነች ፈሂማ የምትባል ልጅ አለች፤ ማየት አትችልም። ግቢ ውስጥ ለማያዩ ተማሪዎች ማንበብ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛፍ ሥር ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡና አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ፈተና ሲደርስ ግን አንባቢ ሁሉ ወደየራሱ ወረቀት ይገባል። የፈሂማ የውርስ ሕግ ፈተና ከቅዳሜው ግብዣ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው። አንዱም አልተቀረጸላትም። ሰምሃር ደውላ «ለቅዳሜ ሙሉውን እጅሽ አስገባልሻለሁ» ብላታለች።

«የኛ ባች ድምፅ ብቻ ነው የሚሆነው» አለችኝ። «ብር ማዋጣትማ ቀላል ነው። ልከህ ትረሳዋለህ። ድምፅህን ለመስጠት ግን ራስህ መምጣት አለብህ።»

አጎቴ ጉዳዩን ሲሰማ ጢሙን አሸት አሸት አደረገና «ጠዋት ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በነጻ ውሰዱት» አለ። «ከሁለት በኋላ የጫማ ቅናሽ አለብን።» የኛ ሥራ ይኸው ነው፤ ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ማስታወቂያ የምንቀርጸው እኛ ነን።

ሰምሃር በዚያው ጠዋት ምዕራፍ አንድን አንብባ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም።

የቴሌግራም ግሩፓቸውን አሳየችኝ። አርባ ሦስት ሰው ነው ያለው። «አንድ ሰው አንድ ምዕራፍ» ብላ ለጻፈችው ሠላሳ አንድ አውራ ጣት ተሰጥቷታል። ከሥሩ የቅዳሜው ቲሸርት ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቡርጋንዲ በሚል ሁለት መቶ መልእክት ተጽፏል።

«ይሄ ሁሉ አውራ ጣት የማን ነው?» አልኳት።

«ሥራ የበዛባቸው ሰዎች።»

በስምንተኛው ቀን ከተወልደብርሃን አንድ የድምፅ ፋይል መጣ። የአንድ ትልቅ ድርጅት የሕግ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ክፍላቸው ውስጥ ቁምነገረኛው እሱ እንደነበር ሰምሃር ነገረችኝ። ስቱዲዮ ለመምጣት ጊዜ ስላጣ ምዕራፍ አራትን በስልኩ ቀርጾ ነው የላከው። አብረን ከፈትነው።

«ሟቹ በሕይወት ሳለ ኑዛዜውን በጽሑፍ ያደረገ እንደሆነ፣ ምስክሮች በተገኙበት… ወራጅ አለ… በተገኙበት ተነብቦ…»

ሰምሃር አፏን በእጇ ያዘች። መኪናው ጋራዥ ስለገባ ከሰሚት በሚኒባስ እየመጣ ነበር ያነበበው።

«ግሩፑ ላይ ልቀቂው» አልኳት።

«ይገድለኛል።»

«የማስታወቂያ ሰው ነኝ፤ ስሚኝ። ሰው ‹እባክህ ና› ሲሉት አይመጣም። ‹እከሌን አየኸው?› ሲሉት ነው የሚመጣው።»

ለቀቀችው። አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ሚስኪ የምትባል ልጅ ጻፈች፦ «ሟቹ የት ወረደ?»

አብዲሳ የሚባል ሌላው መለሰላት፦ «ሲኤምሲ። ኑዛዜውን ታክሲ ውስጥ ረስቶ።»

ተወልደብርሃን በመጨረሻ «ነገ አሥራ ሁለት ተኩል ስቱዲዮ ነኝ። ከእኔ የተሻለ የሚያነብ ካለ ይምጣ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ክራቫት አስሮ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መጣ። ፉት እያለ ምዕራፍ አራትን እንደ ፍርድ ውሳኔ አነበበው። ሚስኪ እሱን ለመብለጥ ስትል ጉንፋኗን ይዛ መጥታ ምዕራፍ ሰባትን ወሰደች። አብዲሳ ሁለቱም አያነቡም ብሎ መጣ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ተራ መጠበቅ ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይተራረባሉ፤ እኔ በሄድፎኑ እሰማቸዋለሁ። አንዳንዴ ሳላስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ለሁሉም አንድ ነገር ነው የምነግራቸው፦ «ገጽ ስትገልጡ ትንፋሽ ያዙ።» ወረቀቱ ብቻውን ሲንኮሻኮሽ ለመቁረጥ ይቀለኛል። አንዳቸውም አልቻሉም። ገጹ ባለቀ ቁጥር ተራራ እንደወጣ ሰው እፎይ ይላሉ። እኔ በተቃራኒው ልማድ ሆኖብኛል፤ ማይክ አጠገብ ከደረስኩ ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ።

ዓርብ ጠዋት አሥራ አንድ ምዕራፍ አልቆ አንድ ቀረ። ምዕራፍ አሥራ አንድ። ተስፉ የሚባል የክፍላቸው ልጅ የወሰደው ነው።

ተስፉ ለአራት ቀን መንገድ ላይ ነበር። ሰምሃር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰሚ።»

«የት ጋ?»

«ቦሌ ሚካኤል።»

ከሩብ ሰዓት በኋላም ቦሌ ሚካኤል ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ።

«በዚህ አራት ቀን በእግሩ ቢሾፍቱ ደርሶ ይመለስ ነበር» አልኩ። አልሳቀችም።

«የፈተናው ግማሽ ከአሥራ አንድ ነው የሚወጣው» አለች። «ውርስ ማጣራት። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ከቀትር በፊት ካልላክሁላት ቃሌ ቃል አይደለም።» ሰዓቷን አይታ ቦርሳዋን አነሳች፤ ቢሮ መግባት ነበረባት። የምዕራፉን ፎቶ ኮፒ ማይኩ ሥር አስተካክላ ተወችው። «ምናልባት ከመጣ።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ የማለፊያ ነጥቡ ግን ሳያየኝ አለፈ። ከሰሚት ወደ ቦሌ ስመጣ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ አንዳንዴ ራሴን ግቢ ውስጥ አያለሁ፤ ዛፍ ሥር፣ ወረቀት ይዤ፣ የሆነ ሰው እየሰማኝ። ምን እንደማነብለት ግን ለይቼው አላውቅም ነበር።

ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አምባር የለኝም፤ ሰዓቴን ብቻ አወለቅኩ።

መጀመሪያ ላይ ድምፄ የጫማ ቅናሽ ቅናሽ ይል ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ለቀቀኝ። ውርስ አጣሪ የሚባለው ሰው ደስ አለኝ፤ ሟቹ የተወውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ለሚገባው ሰጥቶ፣ እሱ ባዶ እጁን የሚሄድ። አጋማሹ ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ።

«ማን ነው ውስጥ?» የአጎቴ ድምፅ ነው። «የጫማው ሰውዬ መጥቷል እኮ።»

«ስድስት ገጽ ቀረኝ።»

ቆይቶ፣ ራቅ ብሎ፣ «ይቀመጡ፣ አለቃ፤ ልጁ ሥራ ላይ ነው» ሲል ሰማሁት።

ለመቁረጥ ጊዜ ስላልነበረ እንዳለ ላክሁት። «11 ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። ሰምሃር ወዲያው መለሰች፦ «ተስፉ መጣ??? አላምንም።»

መጣ አላልኩም። አልመጣም ብልስ? የኛ ባች ድምፅ ብቻ ብላለች። እንደ እነሱ አውራ ጣት ላክሁ።

ቅዳሜ የሆቴሉን አዳራሽ ድምፅ የያዝነው እኛ ነን። ሁሉም ቡርጋንዲ ለብሰዋል፤ ሰማያዊው ተሸንፏል። ሰምሃር አንድ ጥራዝ ፎቶ ኮፒ አምጥታ እኔ ከተቀመጥኩበት የድምፅ መቆጣጠሪያ ሚክሰር አጠገብ አስቀመጠች፤ የሚቀጥለው መንፈቅ መጽሐፍ ነው፤ በየምዕራፉ በአግራፍ ተይዟል፣ ከላዩ ለማንበብ የሚወስድ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ባዶ ወረቀት አለ። «ከምሳ በኋላ እናገራለሁ» አለችኝ። «ጠግበው ሲስቁ።»

ፈሂማ ነጭ ዘንግ ይዛ፣ ቡናማ ሒጃብ አድርጋ መጣች። ኋላ ስለምትናገር ትንሿን ማይክ ሻርፗ ላይ ላያይዝላት ጎንበስ አልኩ።

«ትንፋሽ የለህም እንዴ?» አለችኝ።

«ማይክ ፊት ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እ» አለች። ፈገግ አለች።

ሰምሃር ጨዋታ አዘጋጅታ ነበር። ከየምዕራፉ ትንሽ ትንሽ አሰማለሁ፤ አዳራሹ የማን ድምፅ እንደሆነ ይገምታል። ምዕራፍ አራት ላይ ገና ሻዩ ፉት ሲባል «ሟቹ!» ብለው ጮኹ፤ ተወልደብርሃን ተነሥቶ እጅ ነሳ። አሥራ አንድን ስከፍት አዳራሹ ጸጥ አለ። በትልቁ ስፒከር ሲወጣ ድምፄ የእኔ አይመስልም፤ የሆነ ዲግሪ ያለው ሰው ይመስላል።

«ይሄንንም አላወቃችሁትም?» አለች ሰምሃር። «ለአራት ቀን መንገድ ላይ የነበረ ሰው።»

«ተስፉ!» ጭብጨባው አዳራሹን ሞላ። ተስፉ ግዙፍ ሰው ነው፤ አፉ ሙሉ፣ ሹካው በአየር ላይ። ግራ ቀኝ አየ። ጭብጨባው አልቆም ሲል ከወንበሩ ከፍ ብሎ ጎንበስ አለ።

ቆይቶ ፈሂማ ወደተቀመጠችበት ሲሄድ አየሁት። የፈሂማ ማይክ ለአዳራሹ ተዘግቷል፤ ለእኔ ሄድፎን ግን ክፍት ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ። ተስፉ እባላለሁ።»

«ምዕራፍ ስንት ነዎት?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አለች ፈሂማ።

«ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ድምፄ ትንሽ ተለውጧል።»

«ይማርዎት።»

ንግግር ሲደርስ ማይኳን ለአዳራሹ ከፈትኩላት። ዘንጓን ይዛ ቆመች።

«ትናንት ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሜያለሁ» አለች። «ምዕራፍ አራት ሻይ ይወዳሉ። ምዕራፍ ሰባት ማር በሎሚ ያስፈልጋቸዋል። ምዕራፍ አንድ አምባራቸውን ቢያወልቁም እጃቸው ዝም አይልም።» አዳራሹ እየሳቀ ነበር። «ምዕራፍ አሥራ አንድ ገጽ ሲገልጥ ትንፋሹን ይይዛል። ሁልጊዜ። እኔም አብሬው ስይዝ አደርኩ። ስሙን እዚህ አልጠይቀውም። የፈተናዬ ግማሽ እሱ ላይ ነው፤ ካለፍኩ ግማሹ የሱ ነው።»

ይህን ስትል ፊቷን ያዞረችው ወደ ተስፉ ጠረጴዛ አልነበረም። ወደ ሚክሰሩ ነው። ሰምሃር የፈሂማን ፊት ተከትላ አየችኝ። አፏ ትንሽ ተከፈተ። እኔ ኬብል የማስተካክል መሰልኩ።

አጨበጨቡ። ኬኩ በጋሪ እየተገፋ ገባ፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወደዚያ ተሰበሰበ። ተስፉ ግን ወደ እኔ መጣ። ፊቴ ቆመና ሄድፎኑን አየ፣ እኔን አየ። የሆነ ነገር ሊል መሰለኝ። ዓይኑ ጥራዙ ላይ አረፈ። የስም መጻፊያውን ወደ ጎን አደረገና ምዕራፎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየመዘነ ገለጣቸው። ከሁሉም ወፍራሙን መረጠ። ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከለ።

«ተስፉ!» አለች ሰምሃር ከኬኩ አጠገብ። «ፎቶ ልንነሳ ነው እኮ። ወዴት ነው?»

ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከተተ፣ በሩን በትከሻው ገፋ አደረገና ወጣ።