ስህተት የማያሳየው ፕሮግራም

ዮሳዲቅ ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የትራንዚት ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ድርጅቱ የመርከቦችን መግቢያና መውጫ ሰንጠረዥ የሚያስቀምጠው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ ከዚያ በኔትወርክ ያነባሉ። ሰርቨሩ አሮጌውን ፋይል ሰርዞ አዲስ በተካ ቁጥር ግን፣ አሮጌውን እንደያዙ የቀሩት ኮምፒውተሮች «የያዝከው ፋይል የለም» የሚል ቀይ መልእክት ያወጣሉ።

ይህ መልእክት የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለማርያምን ያሳብዳቸዋል። አንድ ቀን ዮሳዲቅን አስጠሩት።

«ሁለተኛ ስህተት ማየት አልፈልግም!»

«እሺ ጋሼ» አለ። ለምን እንደሚመጣ ላስረዳዎት እንኳ አላለም። ሄዶ ፕሮግራሙን ነካካው፤ ስህተቱ ሲመጣ ዝም ብሎ መጨረሻ ያነበበውን ቅጂ እንዲያሳይ አደረገ። ቀዩ መልእክት ድራሹ ጠፋ። አቶ ኃይለማርያም ሠራተኛውን ሰብስበው አስጨበጨቡለት፤ «ኢንጂነር» ማለትም ጀመሩ። ዮሳዲቅ ስሙ ደስ ብሎት አንገቱን ቀና አድርጎ ሰነበተ።

በሐምሌ ሙቀት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመርከብ ጉዳይ የምትከታተለው ኤሌኒ ማዳበሪያ የጫነችው መርከብ ወደብ ላይ መቆሟን ከሰንጠረዡ አይታ የጭነት መኪኖቹን ላከች። ወዲያው የሹፌሮቹ አለቃ ሙጠሊብ ከወደቡ ደወለ።

«ኤሌኒ፣ መርከቧ የታለች?»

«ወደብ ላይ ናታ! ይኸው እያየኋት።»

«በመስኮት ነው በኮምፒውተር?»

ኤሌኒ ዞር ብላ በመስኮት አየች። መርከቧ ለሌላ መርከብ ቦታ ለቃ፣ እዚያ ማዶ ባሕሩ ላይ ተራዋን ትጠብቃለች።

አቶ ኃይለማርያም መጡ። ኮምፒውተሩን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ተመልሰው ኮምፒውተሩን አዩ።

«ሰንጠረዡ አለች ይላል።»

«ባሕሩ የለችም ይላል፣ ጋሼ» አለች ኤሌኒ።

«እንግዲያው ሹፌሮቹ በደንብ አላዩም ይሆናል!»

ዮሳዲቅም ተጠርቶ መጣ። «ጋሼ፣ ስህተቱ አልጠፋም። እንዳይታይ ነው ያደረግኩት።»

«እኔስ ምን ብዬ ነበር ያዘዝኩህ?»

«እሱኑ ነው።»

ዮሳዲቅ ተቀምጦ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈው። አሁን ስህተቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የያዘውን አሮጌ አድራሻ ይጥልና ፋይሉን በስሙ ከሰርቨሩ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ከታጣ ደግሞ የለም ብሎ እውነቱን ይናገራል። ከቀትር በፊት ሰንጠረዡና ባሕሩ ተስማሙ።

አቶ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ላለው የማዳበሪያው ባለቤት ስልክ ደወሉ። «ማዕበል ነው ጌታዬ፤ ከፍተኛ ማዕበል» ሲሉ፣ ባሕሩ እንደተነጠፈ አንሶላ ረግቶ ነበር።

ዮሳዲቅ ወደብ ወርዶ፣ በመኪኖቹ ጥላ ሥር የተጋደሙትን ሹፌሮች ይቅርታ ጠየቀ። ሙጠሊብ ጫቱን እያላመጠ ካዳመጠው በኋላ፣ «ይሁን፣ ይቅር ብለናል» አለው። «አሁን ቀዝቃዛ ውሃ አምጣልን፣ ኢንጂነር።»

ዮሳዲቅ የውሃውን ካርቶን ተሸክሞ እስኪመለስ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ውሃውም ሞቆ ነበር።