አስተርጓሚ የጠፋበት ችሎት

...እና እንደገና ቀጠሮ ሊሆን ነው፣ ዳኛዋ እስክሪብቶ አንስተዋል፣ አስተርጓሚው ከዲመካ ሲመጣ ወንዝ ሞልቶበት ቀርቷል፣ ባለፈው ደግሞ ታሞ ነበር፣ አንጁሎ ተከሳሽ መቆሚያው ላይ ቆሞ የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል፣ በምን እንደተከሰሰ እንኳ በሐመርኛ አልተነበበለትም። ከታዳሚው መሃል የተቀመጠው ሉቃስ ሐመርኛ ይችላል። ዲመካ ገበያ የፍየል ሻጭና ገዢ እያስማማ ነው ያደገው። ይችላል፣ ግን ከጎኑ የተቀመጡት ጋሽ ደምሰው ናቸው፣ ያሳደጉት አጎቱ፣ ወይፈኖቼን አንጁሎ ሰረቀኝ ያሉት ሰውዬ።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው፣ ሉቃስ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ጥግ ጥጉ እስኪሸራረፍ አንብቦታል፣ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው፣ ቀርቧል፣ ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይሰጣል፣ ዐቃቤ ሕግ በአሥራ አምስት ቀን ይከሳል፣ ከሷል፣ እስከዚህ ማንም ቀን አላሳለፈም። ከክሱ በኋላስ? ከክሱ በኋላ ሕገ መንግሥቱ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ነው የሚለው፣ ቁጥር የለውም፣ ቁጥር ከሌለው ደግሞ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ አንጁሎ ሲያዝ ማሽላው ገና እየተዘራ ነበር፣ አሁን ታጭዶ አልቋል።

ይቆይ እዛው፣ ይላሉ ጋሽ ደምሰው በሹክሹክታ፣ ከብቴን ሲነዳ መች ቸኮለ። ጋሼ፣ እሱ ካልተሰማ የእርስዎም ነገር አይሰማም። ጠበቃ ወጣልኝ ደግሞ፣ እንጀራዬን እየበላ። እውነት ነው፣ ይበላል፣ ዛሬ ማታም ሊበላ ነው፣ ምናልባት። ተነሳ። እግሩ ቀድሞት ተነስቷል፣ ጃኬቱን ከኋላ የያዘው የጋሽ ደምሰው እጅ ነው፣ ቁጭ በል አንተ። አይቀመጥም።

ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ሐመርኛ እችላለሁ።

ባለጉዳዮቹን ታውቃቸዋለህ? ይላሉ ዳኛዋ። እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር፣ ማን ያጣራል። የግል ተበዳዩ አጎቴ ናቸው፣ የምኖረውም እሳቸው ቤት ነው። ከኋላ ሰው ይስቃል። ዳኛዋ አይስቁም፣ እንግዲያው ተከሳሹ ይቃወም እንደሆነ ይጠየቅ፣ በማን ይጠየቃል፣ ዙሪያውን ያያሉ፣ ሌላ የለም፣ በል ራስህ ጠይቀው።

ቀረብ ይላል። የደምሰው እህት ልጅ ነኝ፣ ይለዋል በሐመርኛ፣ እሱ ቤት ነው የማድረው፣ አፍ ልሁንህ ወይስ ሌላ ሰው ትጠብቃለህ? ምንም አልቀነሰም። አንጁሎ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ይናገራል፣ ረጋ ብሎ፣ ማሽላው ሲዘራ ጀምሮ የታፈነውን ሁሉ፣ ደምሰው ውሸታም ነው፣ ወይፈኖቹን በገዛ እጁ አስረክቦኝ ነው ሌባ ያለኝ፣ ይህን ፊቱ ላይ ሳትሸራርፍ ካልክልኝ አንተ አፍ ሁነኝ፣ ካልቻልክ ሂድና ተቀመጥ፣ መጠበቁን ለምጄዋለሁ።

ምን አለ? ይላሉ ዳኛዋ።

ጋሽ ደምሰው ሐመርኛ ይሰማሉ። ምን እንዳለ አውቀዋል። አሁን የሚጠብቁት አንጁሎን አይደለም፣ ሉቃስን ነው፣ ማለስለስ ይቻላል፣ አጎቴን አያምናቸውም ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ያኔ ግን አንጁሎ ዛሬም አልተሰማም ማለት ነው።

ወደ አጎቱ ሳይሆን ወደ ዳኛዋ ዞሮ ይቆማል።

ደምሰው ውሸታም ነው አለ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ገና አልጨረስኩም።